ስም የሌለው ኮምፒዩተር ስንት ያወጣል?

አንድ ሰው «ዴል ላቲቲዩድ 5490 አለኝ፣ ስንት ይሸጥልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መገናኛም ሆነ ሜክሲኮ ያለ የኮምፒዩተር ነጋዴ ከስልኩ ቀና ሳይል ዋጋውን ይነግረዋል። ዕቃው ስም አለው፤ ስሙን የሚጋሩ ብዙዎች በየሱቁ ተደርድረዋል። ክፍሎቹ እየተመረጡ የተገጣጠመ ዴስክቶፕ ግን ስም የለውም። ፕሮሰሰሩ ከአንድ ኩባንያ፣ ማዘርቦርዱ ከሌላ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከዱባይ በሰው ሻንጣ፣ ኬዙ ከመርካቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው የእንዲህ ያለውን ዋጋ ሲጠየቅ የሚመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ውስጡ ምን አለው?»

ይህ ዘገባ የአንድ እንዲህ ያለ ማሽን የሽያጭ ታሪክ ነው። ባለቤቱ ገርጂ አካባቢ በተከራየው ቤት የሠርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት እያደረገ የሚተዳደር ወጣት ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። ደንበኞቹ የሠርጋቸው ቪዲዮ የተሠራበት ኮምፒዩተር ገበያ መውጣቱን ሰምተው እንዲደነግጡበት አይፈልግም። ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልሆነ ወደ በኋላ እናየዋለን።

ማሽኑ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 2060 ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ እና አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ አለው። ያሰባሰበው በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ያኔ በመላው ዓለም የግራፊክስ ካርድ ድርቅ ነበር። ኮሮና ምርቱን አስተጓጉሎታል፤ ክሪፕቶ የሚያወጡት ሰዎች ደግሞ የተገኘውን ካርድ ሁሉ ይጠራርጉት ነበር። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. በ349 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 2060 ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያገለገለው ሳይቀር፣ ከመነሻ ዋጋው በላይ ይሸጥ ነበር። ልጁም በዚያ ዋጋ ነው የገዛው።

ለምን ይሸጠዋል? በመብራት ምክንያት። የአራት ሰዓት ሠርግ ወደ ፋይል እየተቀየረ ሰማንያ በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ሁሉን ከዜሮ መጀመር ምን እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ዩፒኤስ ገዝቶ ነበር፤ ግን በሙሉ ኃይሉ የሚሠራን ዴስክቶፕ የሚሸከመው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። አሁን ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይፈልጋል።

«ሁሉንም ደምሬዋለሁ» አለኝ፣ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት እያሳየኝ። የየክፍሉ የግዢ ዋጋ፣ ካርዱን ለተሸከመለት መንገደኛ የሰጠው፣ ለገጣጣሚው የከፈለው ሳይቀር ተጽፏል። ድምሩ 61 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ብሩ ምን ያህል እንደወረደ አሰበና 95 ሺህ ብሎ በቴሌግራም ለጠፈ።

በ61 ሺህ ገዝቶ፣ ዓመታት ሠርቶበት፣ በ95 ሺህ መሸጥ ትርፍ ይመስላል። አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አልተወም። ኮምፒዩተሩ በተገዛበት ጊዜ ተመን 61 ሺህ ብር 1,400 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ 95 ሺህ ብር የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያገለገለ ዕቃ ሻጭ በብር እየጨመረ በዕቃ ይቀንሳል። ይህን የሚረዳውም በሸጠበት ገንዘብ ምትኩን ሊገዛ ሲወጣ ነው።

የወረቀቱ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። «ይህን ያህል አውጥቻለሁ» የሚለው ሒሳብ ለገዢው ምኑም አይደለም። አሮጌ ካርድ የሚወዳደረው ከራሱ የትናንት ዋጋ ጋር ሳይሆን፣ ዛሬ በዚያው ገንዘብ ከሚገኝ ሌላ ካርድ ጋር ነው። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው አርቲኤክስ 3060 መነሻ ዋጋው 329 ዶላር፣ ሜሞሪው ደግሞ 12 ጊጋባይት፣ ማለትም የ2060ው እጥፍ ነው። ያገለገለ 3060 ገበያ ላይ እስካለ ድረስ የ2060ው ጣሪያ እዚያ ጋር ተሠርቷል። ክፍሎቹን አጥንቶ ለመምረጥ የፈጀው ሌሊት፣ ኬብሉን ከኋላ አሳምሮ ለማሰር የወሰደው ትዕግሥት፣ ለገጣጣሚው የተከፈለው ገንዘብ በሁለተኛ እጅ ገበያ ዋጋቸው ዜሮ ነው። ጨካኝ ሒሳብ ነው፤ ግን ሻጩ ቶሎ ካልተቀበለው ማሽኑ ወር ሙሉ ተለጥፎ ይከርማል።

መልእክቶቹ በዚያው ቀን ጀመሩ። «አለ?»፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?»፣ «በላፕቶፕ ትቀይራለህ?»፣ «50 አለኝ፣ አሁን እመጣለሁ»። አንድ ደላላ ደግሞ ቁልጭ አድርጎ ጻፈለት፦ «ደንበኛ አለኝ። ላንተ 65፣ ከዚያ በላይ የኔ።» ልጁ ተናደደ። «ዕቃዬ እኮ ንጹሕ ነው! ለምን እንደ ተበላሸ ዕቃ ይቆጥሩታል?»

መልሱን አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ ዋነኛው ይኸው ነው። የእሱ ምሳሌ ያገለገለ መኪና ነበር። ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ደህናውን ከደካማው መለየት ያልቻለ ገዢ ለሁሉም የሚያቀርበው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት አልሸጥም ብሎ ሲወጣ ገበያው ውስጥ የሚቀሩት ደካሞቹ ናቸው፤ ዋጋውም ይበልጥ ይወርዳል። 65 ሺህ ያለው ደላላ ልጁን አልሰደበም፤ የማያየውን ጉዳት ዋጋ አስቀድሞ ቀነሰ እንጂ። እንግዲህ በ65 እና በ95 መካከል ያለው 30 ሺህ ብር የማሽኑ ዋጋ አይደለም፤ የማስረጃ ዋጋ ነው። ሻጩ ማስረጃውን ባሳየ ቁጥር ከዚያ ላይ ጥቂት ጥቂት ያስመልሳል።

ሌላም መንገድ አለ፦ መበታተን። ክፍሎቹ ለየብቻ ሲሸጡ ድምሩ ብዙ ጊዜ ከሙሉው ማሽን ይበልጣል፤ ለየብቻቸው ስም ስላላቸው ገዢው ዋጋቸውን ያውቃል። ግራፊክስ ካርዱ በቀናት ውስጥ ይሄዳል። ፕሮሰሰሩና ራሙ ይከተላሉ። ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቱ አንድ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ማዘርቦርድና አንድ ባለ መስታወት ኬዝ ታቅፎ ይቀመጣል። ኬዝ ብቻውን ማን ይገዛል? በመጨረሻ የሚጠይቀው ቁራሌው ነው፤ እሱም የሚከፍለው የብረቱን ነው።

ይህን ስሌት በ2018 ዓ.ም. ያዘባረቀው ራም ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሜሞሪ ምርቱን ወደ ራሳቸው ሲስቡት፣ ለተራ ኮምፒዩተር የሚሆነው ራም ዋጋ ሽቅብ ወጣ። አምራቾች እየተዉት የመጡት የቀድሞው ትውልድ ዲዲአር4 እንኳ አልቀረለትም። ማይክሮን የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ አምራች በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. «ክሩሻል» በሚል ስም ለሸማቾች የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ። በሌላ ጊዜ «32 ጊጋ ራም» ማስታወቂያ ማድመቂያ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ጥር ይህ ልጅ ሊሸጥ ሲነሳ ግን ከለጠፋቸው ክፍሎች ሁሉ ከአዲስነቱ ዋጋ ብዙም ያልራቀው ራሙ ሆኖ ተገኘ። በወረቀቱ ላይ ግን ከታች፣ ከኬዙ በላይ ነበር የጻፈው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ሰዎች መጡ፦ የመጀመሪያ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ፣ አባቱ፣ እና ፍላሽ ዲስክ የያዘ የአጎቱ ልጅ። ተማሪው መስታወቱንና መብራቱን አየ። የአጎት ልጅ ፍላሹን ሰካ። አባትየው ቁጭ ብለው ቡና እስኪቀርብ ጠበቁና የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ያህል ደህና ከሆነ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«መብራቱ ነው ጋሼ። ሥራ እያለቀ ይጠፋል። ላፕቶፕ ብይዝ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እኛ በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን። የዚህ ጥርሱ የቱ ጋር ነው?»

የአጎት ልጅ ሳቀ፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም። የዕድሜ ምልክቶቹ በእርግጥ አሉ። የሃርድ ዲስክና የኤስኤስዲ ዕድሜ በቀላሉ አይደበቅም፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደበራና ምን ያህል እንደተጻፈበት ያሳያል። የዚህኛው ኤስኤስዲ 19 ሺህ ሰዓት ገደማ ሠርቷል፤ ጤንነቱ ግን ደህና ነው። ፓወር ሰፕላይ በተቃራኒው ዝም ያለ ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም አያነበውም። ያለው የተለጠፈበት ጽሑፍና የተገዛበት ደረሰኝ ነው። የመብራት ኃይል በሚዋዥቅበት ከተማ ከኬዝ ጋር በነጻ የሚመጣ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ሲፈነዳ ብቻውን አይሄድም። ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ገንዘብ ተርፎት የሚቀይረው አንድ ክፍል ቢኖር እሱ ይሁን እላለሁ።

ከባዱ ፈተና የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ውሸቱም የሚበዛው እዚያ ነው። ከቻይና የሚመጡ አንዳንድ ካርዶች ውስጣቸው ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው አሮጌ ቺፕ ሆኖ ሳለ፣ ሶፍትዌራቸው ተቀይሮ ራሳቸውን «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብለው ያስተዋውቃሉ። ዊንዶውስም አምኖ ያንኑ ይጽፋል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው መመርመሪያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ከዚህ ረቀቅ ያለም አለ። «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» የሚባለው ካርድ ሐሰተኛ አይደለም፤ አምራቹ ራሱ ያወጣው ነው። ግን ትክክለኛው 580 የማስሊያ ክፍሎቹ 2,304 ሲሆኑ የዚህኛው 2,048 ናቸው፤ ይህም የ570 ቁጥር ነው። ማስታወቂያው ላይ የመጨረሻዋን ቁጥር የሚጽፍ ሻጭ እምብዛም አይገኝም።

«ማይን ተደርጎበታል?» አለ የአጎት ልጅ። ካርዱ ክሪፕቶ ለማውጣት ሠርቶ እንደሆነ ማለቱ ነው፤ የማይቀር ጥያቄ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ካቆመ በኋላ፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ዓለምን አጥለቅልቀዋል። እነዚህ ካርዶች የሚፈሩትን ያህል መጥፎ አይደሉም፤ ቺፑ በተመሳሳይ ሙቀት መሥራቱ ከመሞቅና ከመቀዝቀዝ ይልቅ ይስማማዋል። የሚያልቁት ፋኖቹና በሜሞሪው ላይ የሚለጠፉት ሙቀት አስተላላፊ ፓዶች ናቸው። ስለዚህ የሚጠቅመው መሐላ ሳይሆን ፈተና ነው። ፈርማርክ የተባለውን መፈተኛ ፕሮግራም ከፍተው ካርዱን ለሃያ ደቂቃ ያህል አስጨነቁት። ሙቀቱ 76 ዲግሪ ላይ ደርሶ ረጋ። ፋኑም አላንቋረረም።

ሙቀትን ካነሳን አይቀር፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ቀኑ ነፋሻ መሆኑ ያካክሰዋል፤ አቧራው ግን ያን መልሶ ይወስደዋል። ሻጩ ዋዜማውን ኬዙን ከፍቶ በብሎወር ነፍቶት ነበር። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ያምራል ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። ታጥቦ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ግን መጽዳት የለበትም፤ ብዙ የጸዳ አሮጌ ዕቃ ጥርጣሬ ያመጣል።

«ዊንዶውስ 11 ይወስዳል?» ተማሪው ነው። ጥያቄው በየዋህነት የተጠየቀ ቢሆንም ብዙ ብር ያዘለ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከራይዘን 2000 ተከታታይ ወዲህ ያሉትን ነው። ስለዚህ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ራይዘን 5 1600 ከመስመሩ ውጭ ሲቀር፣ በዓመቱ የመጣው 2600 ገብቷል፤ በሥራ ላይ ያላቸው ልዩነት ያን ያህል ሳይሆን። 3600 ያለ ችግር ያልፋል፤ ባዮስ ውስጥ ቲፒኤም የተባለውን የደኅንነት ክፍል ማብራት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የዚህ ማዘርቦርድ ሶኬት ኤኤም4 ስለሆነ፣ ባዮሱ ከታደሰ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ሳይቀር ይሸከማል። ሻጩ ይህን ማስታወቂያው ላይ አልጻፈውም ነበር። ከመስታወቱና ከቀለም መብራቱ ይልቅ መጻፍ የነበረበት እሱ ነው።

ባለ 2 ቴራባይቱ ሃርድ ዲስክስ የት ሄደ? ገዢዎቹ ሳይመጡ ፈትቶ አስቀርቶታል። ደንበኞቹ የሚፈሩት ይኸው ነው፤ አስቀድሜ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም ያልኩትም ለዚህ ነው። ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት የተባሉ ሁለት የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮችን ገዝተው መርምረው ነበር። ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከሠሩት 129 ዲስኮች በትክክል ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ መሆናቸው ተገለጸ። ከቀሩት ውስጥ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ተለቅመዋል። ማጥፋት የሚመስለው ሁሉ ማጥፋት አይደለም። «ዲሊት» ማድረግ ስሙን ከማውጫው ይፍቃል እንጂ ይዘቱን አይነካም፤ ፈጣኑ «ፎርማት»ም እንደዚያው። ሃርድ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በሌላ ዳታ ቢጻፍበት ይበቃዋል፤ ለ2 ቴራባይት ሰዓታት ይፈጃል። ኤስኤስዲ ግን ጽሑፉን በውስጡ እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ በዚህ መንገድ ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ ከባዮሱ ወይም ከአምራቹ ፕሮግራም የሚገኘውን የማጥፊያ ትእዛዝ ይፈልጋል። ሻጩ ኤስኤስዲውን በዚያ አጽድቶ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖበታል። ከዚያ በፊት ከቴሌግራምና ከኢሜይል ወጥቷል፤ በብሮውዘሩ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎችም ሁሉ አጥፍቷል። የሠርግ ቪዲዮ የሰው ቤት ገመና ነው፤ ለሁለት ሺህ ብር ብሎ ዲስኩን አብሮ የሚሸጥ ኤዲተር ነገ ደንበኛ ቢያጣ አይገርምም።

ክርክሩ የተካሄደው በአባትየውና በሻጩ መካከል ነው። ወጣቶቹ ዝም አሉ።

«70 ልስጥህ።»

«ኧረ ጋሼ! 92 አድርጌልዎታለሁ።»

«ዲስኩን አውጥተህበታል አይደል? 75።»

«ራሙ ብቻውን ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁልኝ። 88።»

የአጎት ልጅ ስለ ራሙ ሲጠየቅ አንገቱን ነቀነቀ፤ አባትየው ያን አዩ። 80 አሉ። ሻጩ 85 አለ። 82 ሺህ ላይ ተጨባበጡ፤ አባትየው ግን እጁን ሳይለቁ «ምርቃቱስ?» አሉ። ኪቦርዱና ማውዙ ተመረቁ።

ክፍያው በባንክ መተግበሪያ ተላለፈ። ሻጩ የገዢውን ስልክ ስክሪን ዓይቶ አልተነሳም፤ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን እስኪያይ ጠበቀ። የተቀነባበረ የማስተላለፊያ ደረሰኝ እያሳዩ ዕቃ ይዘው የሚሰወሩ ስላሉ ማንም በዚህ አይቀየምም። አባትየው ደግሞ ወረቀት ጠየቁ። የማዘርቦርዱና የግራፊክስ ካርዱ መለያ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ቀኑ ተጻፈ፤ እኔና የአጎት ልጅ በምስክርነት ፈረምን። ሻጩ «ዋስትና የለውም» የሚል ሊጨምር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉድለቱን አውቆ የደበቀን ሰው እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር አያድነውም። አባትየው በምትኩ «የታየው ፈተና ደህና ነበር» ብለው አስጻፉ። ለሁለቱም ይህ የተሻለ ነው።

ማሽኑ ከመሄዱ በፊት ግራፊክስ ካርዱ ተነቅሎ በካርቶኑ ገባ። ከባድ ካርድ በሶኬቱ ላይ ተንጠልጥሎ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ኬዙ በራይድ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በጎኑ ተጋደመ፣ መስታወቱ ወደ ላይ ሆኖ፤ ተማሪው አቅፎት ሄደ።

ማታ ስልክ ተደወለ። ተማሪው ነው፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ምንም አያሳይም።

«ኬብሉን የት ሰካኸው?»

«ከላይ ያለው ላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ ጎን።»

ራይዘን 5 3600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ከላይ ያለው የማዘርቦርዱ መሰኪያ ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር ምንም ምስል አያወጣም፤ ስክሪኑ የሚሰካው ከታች በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ሻጩ ይህን ነገረው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተማሪው ተመልሶ ደወለ፤ ሠርቶለታል፤ አመሰገነ። ሊዘጋ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፦

«እኔ የምልህ፣ ይቺ ካርድ ብቻዋን ብትሸጥ ስንት ታወጣለች?»